የእናቴን ምጣድ ወደ ኮምቦልቻ ላወርድ ነው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቤት እየቀየርን ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ቁልቁለቱንና ጥምዝምዙን ግን ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጭነት በአይሱዙ ላክን። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ደረደርኳቸው። ክፍተቱን ግን አልሞላሁትም። ሳነሳው ይንኳኳ ነበር፤ ‹‹ግድ የለም›› ብዬ አለፍኩት። ከ12ቱ 4ቱ ተሰብረው ደረሱ፤ የጀበናዋም አንገት ተቀነጠሰ። ሳፋ ውስጥ በጭድ የቀበርኳቸው ብርጭቆዎች ግን አንድም አልተነኩም።

አሁን የቀረኝ የእናቴ የሸክላ ምጣድ ነው። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህላል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለችው። በደንብ የተሟሸ፣ እንጀራ የማይዝ ምጣድ ነው። አዲስ ገዝቶ እንደገና ማሟሸቱን ሳስበው ገና ይደክመኛል።

ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ጆንያ ጭድ፣ ብርድ ልብስና ገመድ አለኝ። ሾፌሩ ‹‹ፍራሽ ላይ አስተኚው›› ይላል። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ‹‹ተኝቶ ከሄደ ሲንገጫገጭ መሃሉ ይሰነጠቃል፤ በጠርዙ አቁመሽ በሁለቱ ፍራሽ መሃል አጣብቂው›› ይላሉ። መኪናው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።

በዚህ መንገድ ምጣድ ይዛችሁ የወረዳችሁ፣ ስንጥቋ እንዳትሰፋ አቁሜ ልጫነው ወይስ አስተኝቼ?