«እኛ ጭን አለን» ላላችሁት

የጅረኑ፦ ትናንት አንዱ እዚሁ የጅማ ግሩፕ ላይ «ጅብ የነከሰውን ሰው በዓሣ ቆዳ ማከም የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ እኛ ጭን አለን» ብሎ ጻፈ። ከራስ ጭን ቆዳ ተነሥቶ ቁስሉ ላይ ይለጠፍ ማለቱ ነው። ላይክ ዘነበለት። ከጭን ቆዳ ሲገፈፍ እኮ ሌላ ቁስል ነው የሚፈጠረው። ተገፎ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው።

ቡና ነጋዴ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አልደበቅም። የራስ ቆዳ ይይዛል፣ ይኖራል። የአይስላንዱ የዓሣ ቆዳ በዶላር የሚገዛ ነው። ሆስፒታል «ጓንት ከውጭ ፋርማሲ ገዝታችሁ ኑ» በሚባልበት አገር!

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ንክሻ የቢላ ቁስል አይደለም። ጅብ ይቦጭቃል፣ ያደቅቃል፣ ምራቁን ውስጥ ድረስ ያስገባል። በዚያው ቀን ቆዳ ብትለጥፍበት አይዝም። ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይቆረጣል፣ እስኪጠራ ይጠበቃል። እስከዚያ ጅማትና አጥንት እንዳይደርቅ የሚሸፍነው የዓሣው ነው። ሥጋ ሲሞላ ያኔ ያንተ ጭን ይመጣል።

ቡና ነጋዴ፦ አያችሁ? ዞሮ ዞሮ ጭን!

የጅረኑ፦ ያነበብከው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው መሰለኝ።

የሄርማታ ልጅ፦ የአሳማም ቆዳ እኮ ለዚሁ ይውላል። እዚህ አምጡትና ጉዱን እዩ። አሳማ ላይ ሲደርስ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አንድ ድምፅ ነው። ዓሣው ይሻላል። ብራዚሎች ፎርታሌዛ ከተማ ላይ ቃጠሎ የሚያክሙት በቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ቆዳ ነው። ቆሮሶ ደግሞ ግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ አለልን። ምን ጎደለን?

ሲስተር፦ የጎደለንማ ብዙ ነው። ቅርፊቱ ተነሥቶ፣ በመድኃኒት ታጥቦ፣ ግሊሰሪን ጠጥቶ፣ በጋማ ጨረር ጸድቶ ነው ሰው ላይ የሚውለው። እባካችሁ አንዳችሁ ከገበያ ገዝታችሁ እንዳትለጥፉ።

የመንደራው፦ ስለ ቆዳ ታወራላችሁ፤ የእብድ ውሻ በሽታስ? የአክስቴን ልጅ ውሻ ሲነክሰው ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ሴረም የለም ተባልን። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ሄድን። ምልክቱ ከጀመረ እኮ አለቀ። ቆዳ ለሬሳ ነው የምትለጥፉት?

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ ሴረሙና ክትባቱ። ስፌቱም ቆዳውም ከዚያ በኋላ ነው። ግን ሴረም ጠፋ ተብሎ ፊቱን የተቦጨቀው ልጅ ክፍት ቁስል ይዞ ይኑር?

ቡና ነጋዴ፦ ማን ይኑር አለ? ጭን አለው አልኩ እንጂ።

የጅረኑ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ጭን ስንት ቦታ ይበቃል? እስቲ መልስ!

እማማ ዘነበች፦ ልጆቼ፣ ዓሣ ጾም ነው አይደለም? ሰውነት ላይ ከተለጠፈስ?

የሄርማታ ልጅ፦ እማማ፣ ለቁስል እንጂ ለወጥ አይደለም እኮ።

ቡና ነጋዴ፦ እናታችን ጥሩ ጠየቁ። ዓሣ ፍስክ ነው፣ አለቀ።

የመንደራው፦ ማን አለህ? እኛ ቤት በጾም ይበላል።

ቡና ነጋዴ፦ እናንተ ቤት ምን የማይበላ አለ!

የመንደራው፦ አድሚን፣ ይሄን ሰው አንድ በሉልኝ።