ኮረሪማ ከጫካ ዛፍ ሥር ሲተከል በአፈሩ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ምን ይሆናሉ?

የቦንጋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦንጋ አጠገብ ብርብራ፣ ዋንዛና ሰሳ የበዛበት የጫካ ቡና አለን። ከቡናው ወጣ ብሎ ኮረሪማ ልተክል ነው፤ እናቴ ሆድ ሲነፋን የምታፈላልን እሱን ስለሆነ ከገበያው በላይ እወደዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን "ሥር ሥሩን መንጥረህ፣ በደንብ ቆፍረህ ዳፕ ማዳበሪያ ጨምርበት" ይለኛል። የረገፈውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጠላልፎ አያለሁ። ኮረሪማውን የሚጠቅመው ፈንገስ ይሄ ነው? ብመነጥረው ይጠፋል?

አፈር ወዳድ፦
ወንድሜ፣ በዓይንህ የምታየው ክር አብዛኛው ቅጠልና እንጨት የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው። ተክሉን የሚጠቅመው፣ ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ግን ሥሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር እንዲህ አይታይም። እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥሩን አጥበን፣ በፖታሽ ቀቅለን፣ የብዕር ቀለምና ኮምጣጤ አጠጥተን በማይክሮስኮፕ ነው የምናየው። ሴሉ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ታገኘዋለህ፤ ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

ለናንተ ቀይ አፈር ደግሞ ጥቅሙ ብዙ ነው። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ለተክል ምግብ የሆነውን ፎስፈረስ ብረትና አሉሚኒየም አስረው ይይዙታል። ሥሩ የማይደርስበትን ፈንገሱ ሄዶ ያመጣለታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። ቡናውም ዋንዛውም ኮረሪማውም የሚያስጠጉት ይህንኑ ዓይነት ፈንገስ ስለሆነ፣ አዲሱ ችግኝ የሚያስፈልገውን እዚያው ያገኛል። ብርብራና ሰሳ በበኩላቸው ሥራቸው ላይ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሏቸው፤ ቅጠላቸው ሲረግፍ አፈሩ ይጠግባል።

መንጥሮ መቆፈር የማይኮራይዛውን ክር ይበጣጥሰዋል። ዳፕ ሲበዛም ተክሉ ፎስፈረሱን ያለ ድካም ስለሚያገኝ ፈንገሱን ማስጠጋት ይቀንሳል። እኔ ብሆን የምቆፍረው ችግኙ የሚገባበትን ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ቅጠሉንም መልሼ አለብሰዋለሁ።

የቴፒ ገበሬ፦
እውነቱን ነው። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ዘሩ ከየት እንደመጣ የማታውቀውን፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነውን ዝንጅብል እዚያ ጫካ እንዳታስገባ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የገባው አጠውላጊ በሽታ ስንቱን ገበሬ ባዶ እጁን አስቀረ! በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዘር፣ በጎርፍና በመቆፈሪያ ይዛመታል፤ አፈር ውስጥም ይቆያል። ዶማህን ሳታጥብ ከሰው ማሳ ወደ ጫካህ አትግባ።

የቦንጋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦታውን በሙሉ ኮረሪማ ብቻ ባደርገውስ?

አፈር ወዳድ፦
አይሆንም፣ ቀላቅለው። ቻይናዎች ሥሩ ለመድኃኒት የሚሆነውን ጂንሰንግ የሚባል ተክል አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲተክሉት ሥር የሚያበሰብሱ ፈንገሶች እየበዙ መሬቱ ለዓመታት ጂንሰንግ አልቀበልም ይላል። ኮረሪማ የግድ እንደዚያ ይሆናል አልልህም፤ ግን መሃል መሃል ጥምዝና ሌላ የጫካ ተክል ተውለት፤ ጥላ የሚሰጡትንም ዛፎች አትንካ። ለወንድምህም ይህንኑ አንብብለት።