አሮጌ መኪና ለምትነዱ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፦ ምኑን በገዛ እጃችሁ፣ ምኑን ከየት

አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የገዛ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የትኛውን ጥገና ራሴ ልሥራ፣ ዕቃውንስ ከደሴ ልግዛ፣ ኮምቦልቻ ልውረድ ወይስ ከአዲስ አበባ ላስልክ? ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ በአንድነት ብጽፈው ይሻላል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በገዛ እጃችሁ ስትሠሩ የምታተርፉት የእጅ ዋጋውን ነው፤ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ለተሻለ ዕቃ አውሉት። የእጅ ዋጋውንም አስቀርቶ ርካሹን ዕቃ የሚገዛ ሰው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚያስይዘው ሕይወቱን ነው።

ደግሞም መኪናችን ምትክ የላትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ደጃችን ላይ የቆመችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች፤ እንደዚያው ልንይዛት ይገባል።

ከፍሬን ልጀምር፤ በእኛ አገር ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ኃይል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ፍሬኑ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ለሞተሩ ያሸክመዋል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ የሚንሸራተት ሰው ግን ሙቀቱን በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይጭነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። ይህን ሥራ ሁለት ሰው ሆኖ በቤት መሥራት ይቻላል፤ ብዙ መኪኖች ግን ዘይቱ ሲጎድል ከመሙላት በቀር ለዓመታት ሳይቀየርላቸው ይኖራሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። የፍሬን ዘይት ደረጃው እንደሚለው አዲስ ዶት 3 የተባለው ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲይዝ 155 ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ተጭኖ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ዶት 3 በምትቀበል መኪና ዶት 4 መጨመር ይቻላል፤ በሐረጎ ለምትመላለሱ እኔ የምመርጠው ዶት 4ን ነው። ዶት 5 ግን ከሁለቱም የተለየ የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ አትቀላቅሉት። ከተከፈተ የቆየ ጣሳ ቀድታችሁ እንሽጥላችሁ ቢሏችሁም እምቢ በሉ፤ የታሸገ ትንሽ ጣሳ ግዙ።

አሠራሩ ይህ ነው። ከማስተሩ (የፍሬን ዘይቱ ከሚሞላበት ዋና ፓምፕ) እጅግ ከሚርቀው የጎማ እግር ጀምሩ፤ መሪያቸው በግራ ለሆኑ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ቀኝ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው እግሩ ላይ ያለውን የዘይት ማስወጫ ቡሎን ከፍቶ ያስወጣና ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል። ማስተሩ ላይ ያለው ዘይት በመካከል እንዳያልቅ እየተመለከታችሁ ሙሉ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያውኑ በውሃ እጠቡት፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

የፊት ሸራ መቀየርም በቤት የሚሠራ ነው። የኋላውን ታምቡር ግን መጀመሪያ ጊዜ ሙያ ያለው ሰው አብሯችሁ ቢቆም እመክራለሁ፤ ሞላዎቹ አቀማመጣቸው ከተዛባ እግሩ ሊቆለፍ ይችላል። አንዱን ወገን ስትፈቱ ሌላውን ሳትነኩ ተዉት፣ እያያችሁ ትገጥማላችሁ። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሸራውን ከየት? ለኮሮላና ለቪትዝ ከሆነ ደሴ ይበቃል። የከተማው መለዋወጫ ቤቶች የሚያስተናግዱት በብዛት ታክሲና የቤት መኪና ስለሆነ ሁለት ሦስት ዓይነት አስቀምጠው ያወዳድሩላችኋል። ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መንገድ ናት፤ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ሁሉ እዚያ ይቆማል። ለትንሽ መኪና ዕቃ ምርጫው እንደ ደሴ አይሰፋም። ግን ራዲያተር ማስበየድ፣ ቴስታታ (የሞተር ራስ) ማስላጥ፣ የተበላ ቡሎን በቶርኖ ማስወጣት ሲያስፈልግ ያለማመንታት ኮምቦልቻ ውረዱ። ከጭነት መኪናና ከፋብሪካ ሥራ ጋር ያደገ እጅ ነው ያላቸው፤ እኔ ለእነዚህ ሥራዎች ከደሴ አስበልጣቸዋለሁ።

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሞልቷል፤ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ የበር መስታወት፣ መብራትና ፓራውልት (መከላከያ) ከዚያ በሰው ማስገዛት ያዋጣል። ስታስልኩ የመኪናዋን ስምና ዓመት ብቻ አትናገሩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንና የአሮጌውን ዕቃ ፎቶግራፍ ላኩ። አንድ ዓይነት ኮሮላ ሁለት ዓይነት ሞተር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያገለገለ የፍሬን ዕቃ፣ ያገለገለ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)ና ያገለገለ የመሪ ጫፍ ግን ከየትም ቢሆን አትግዙ።

ወደ ማቀዝቀዣው ልለፍ። በደሴ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ መካከል ላይ ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ከመፍላት የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ይዞ ከኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወጣ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ውሃ ሲለምን ይታያል። ክዳኑ ከጠቅላላው ሥርዓት ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከሁሉ በፊት እሱን ቀይሩ። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት የሚላችሁን መካኒክ አትስሙት። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይበላሻል።

ንጹሕ ውሃ ወይስ ኩላንት? ኩላንት፣ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ። ዝገትን ይከላከላል፣ የውሃ ፓምፑንም ያኖራል። ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ቀለም የገባበት ውሃም ይሸጣል። የሚሠራበትን ድብልቅ መጠንና የሚቀየርበትን ጊዜ ያልጻፈ ጀሪካን ተዉት። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን የሚከፍት ፊቱን ያቃጥላል።

የሞተር ዘይት ቀላሉ ሥራ ነው። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ቶዮታዎች ከነፊልትሮው ከ3 እስከ 4 ሊትር ይበቃል። 20 ደብሊው 50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ለደከመ ሞተር ጥሩ ቢሆንም በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ጠዋት ይከብዳል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ለምትመላለሱ ቀጠን ያለው 15 ደብሊው 40 ይስማማል። ያገለገለውን ዘይት በጀሪካን ሰብስባችሁ ለሚቀበል ጋራዥ ስጡ። ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ዘይት ቦርከና ገብቶ በኮምቦልቻ አልፎ ጨፋ ድረስ ይወርዳል፤ እዚያ ሰው እርሻውን ያጠጣበታል፣ ከብት ይጠጣዋል።

ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ዕቃ) ስትገዙ ኤንጂኬ ወይም ዴንሶ ምረጡ፤ ግን አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ካርቶኑን ሳይሆን ካንዴላውን ተመልከቱ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ጥርሱ ሻካራ የሆነውን መልሱ። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1980ዎቹን ኮሮላ ዲኤክስ ለምትነዱ ደግሞ የካርቡራተሩን (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ዕቃ) ነገር ልብ በሉ። በደሴ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። የምታስተካክሉት ብዙ ጊዜ በምትውሉበት ከተማ ይሁን።

መሣሪያ በተመለከተ፣ መቶ ቁራጭ ያለበትን ርካሽ ሳጥን አልመክርም። ለቶዮታ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር ጥሩ ቁልፎች፣ ለጎማ ዳዶ 21፣ ሁለት ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ይበቃችኋል። ለፍሬን ቱቦ የሚሆን 10 ቁጥር ልዩ ቁልፍ ካገኛችሁ ጨምሩ፤ ተራው ቁልፍ ዳዶውን ይበላዋል። የግድ የሚገዛው ግን ሁለት የብረት ካቫሌቶ (የተነሣች መኪና የምትደገፍበት እግር) ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደግፌያለሁ ብሎም አይግባ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። የደሴ ደጃፍ ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ ተዳፋት ላይ ጎማ አታውልቁ።

ለባለሙያ የሚተዉ ሥራዎች ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ የመሪ ጫፍ ከነአላይመንቱ፣ ማንኛውም ብየዳና የሞተር ቺንጋ ናቸው። ቺንጋው በተለይ እንደ 4ኤ ላሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1990ዎቹ የኮሮላ ሞተሮች በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው። መኪናዋን ያገለገለች ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ከሌለ ጊዜው እንዳለፈ ቁጠሩት። ባለ 1 ሊትሩ የመጀመሪያው ቪትዝ በሰንሰለት የሚሠራ ስለሆነ ይህ አያሳስባችሁም፤ ዘይቱን በጊዜው ቀይሩለት። ቺንጋ የምታስቀይሩ ግን የውሃ ፓምፑንም በዚያው አስቀይሩ፤ የሚፈታው ያው ቦታ ነውና የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም። ለፓምፑ አይሲን ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ደሴ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ አስልኩና ዕቃው በእጃችሁ ሲገባ ብቻ መኪናዋን ጋራዥ አስገቡ።