ኮማ የት ይገባል፣ ፉልስቶፕስ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። ቃላቱ ብዙም አያስቸግሩኝም፤ ያስመረረኝ ኮማ ነው። አስተማሪዬ ወረቀቴን በቀይ አዥጎርጉሮ ሲመልስልኝ ሁሌ "ኮማ ስፕላይስ" ይልበታል። ለምሳሌ "ዘ ሬን ስቶፕት, ዊ ዌንት አውት" ብዬ ጽፌ ነበር። (ኪቦርዴ የአማርኛ ስለሆነ ነው በፊደላችን የጻፍኩት።) ጮክ ብዬ ሳነበው እዚያ ጋ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ኮማ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አይደል እንዴ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
እህቴ፣ ትንፋሹን እርሺው። ይህን ምክር ማን እንደጀመረው እንጃ፣ እኔ ግን ሳርም የምውለው እሱ ያበላሸውን ነው። ኮማው ጋ ስትደርሺ ግራና ቀኙን ለየብቻ አንብቢ። "ዘ ሬን ስቶፕት" ብቻውን ይቆማል? ይቆማል፤ ባለቤትም ግሥም አለው። "ዊ ዌንት አውት"ስ? እሱም ይቆማል። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለማያያዝ ደግሞ ኮማ ብቻውን አቅም የለውም፤ አስተማሪሽ "ኮማ ስፕላይስ" የሚልሽ ይህን ነው። ወይ በፉልስቶፕ ለያያቸው፣ ወይ ሴሚኮለን (;) አድርጊ፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ ማያያዣ አስገቢ፦ "ዘ ሬን ስቶፕት, ሶ ዊ ዌንት አውት."

እኛን የሚያሳስተን ምን መሰለሽ? በአማርኛ ማያያዣው ግሡ ላይ ይለጠፋል። "ዝናቡ አባራና ወጣን" ስንል "ና" ሥራውን ጨርሳለች። ኮማ ኖረ አልኖረ ግድ የለንም። በእንግሊዝኛ ግን "ሶ" እና "ኤንድ" ራሳቸውን ችለው ካልተጻፉ ማንም አይተካላቸውም።

"ሀውኤቨር"ን ደግሞ ጠርጥሪ። "በት"ን ይመስላል እንጂ እንደሱ በኮማ ብቻ አይያያዝም። ከፊቱ ሴሚኮለን ወይም ፉልስቶፕ፣ ከኋላው ኮማ።

ዝም አልልም፦
ኧረ ሁሌም ስህተት አይደለም! የጁሊየስ ቄሳር "አይ ኬም, አይ ሶው, አይ ኮንከርድ" በኮማ አይደል እንዴ የሚጻፈው?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ልክ ነህ። ሦስቱም አጫጭር ናቸው፣ አሠራራቸውም አንድ ነው፣ ስለዚህ ያስኬዳል። ፈተና ላይ ግን ቄሳርን ጠበቃ ማቆም አያዋጣም።

ጀማሪዋ፦
አሁንማ ኮማ ፈርቼ ሁሉንም በፉልስቶፕ መቆራረጥ ጀምሬያለሁ። "ዊ ስቴይድ ኢን. ቢኮዝ ኢት ሬይንድ." ይሄስ?

ቀይ እስክሪብቶ፦
ይሄ የተገላቢጦሹ ነው። በአማርኛ "ስለዘነበ ነው" ብለሽ አራት ነጥብ ብታደርጊ ማንም አይናገርሽም፤ "ነው" ትዘጋልሻለች። በእንግሊዝኛ ግን "ቢኮዝ" የገባበት ቁራጭ ብቻውን አይቆምም፣ ሌላው ላይ ይደገፋል። ፉልስቶፑን አንሺው፣ ኮማም አትተኪበት፦ "ዊ ስቴይድ ኢን ቢኮዝ ኢት ሬይንድ." "ቢኮዝ"ን ወደ መጀመሪያ ካመጣሽው ግን መሃል ላይ ኮማ ይግባ፦ "ቢኮዝ ኢት ሬይንድ, ዊ ስቴይድ ኢን."