ዘ ኮሎኔልስ ቢኩዌስት ላይ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ

ማታ_ማታ፦
ሰላም ቤቶች። ሲዬራ የሚባለው የጌም ኩባንያ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ይሄን ጌም በስካም ቪኤም (የድሮ ጌሞችን በአሁን ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ጀምሬ ነበር፣ እስካሁን ደስ ይላል። ተማሪዋ ላውራ ቦው ከጓደኛዋ ከሊሊያን ጋር ሉዊዚያና ረግረግ መሃል ያለው የኮሎኔል ዲዦን ቤት ገባች፣ ዘመድ አዝማዱ ለውርስ ይናከሳል፣ እሺ። ግን ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተገትሯል! ቡና አፍልቼ ጠጥቼ ስመለስ ያው ነው። ተበላሽቶ ነው? ገዳዩን የሚነግረኝ ሰው ካለ ግን እንጣላለን።

አጮላቂው፦
ኧረ አልተበላሸም። እዛ ቤት ሰዓት የሚቆጥረው የሆነ ነገር ስታይ ነው እንጂ ስለጠበቅክ አይደለም። ክፍል ለክፍል ዙር፣ ሰዎች ሲያወሩ ድረስባቸው፣ ያኔ ሩብ ሰዓት ይሄድልሃል። ግድግዳው ውስጥ የተደበቀ መተላለፊያም አለ፣ እዛ ገብተህ በሥዕሎቹ ዓይን ወደ ክፍሎቹ ማጮለቅ ትችላለህ፣ እኔ ግማሹን ሐሜት የለቀምኩት እንደዛ ነው። ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ። ውሃው ዳር አዞ አለ፣ መግቢያው አዳራሽ ላይ መብራቱ ስር አትቁም፣ ሻወር ደግሞ በጭራሽ እንዳትገባ።

የድሮ_ዲስኬት፦
እኔ የሲዬራን ነገር አልወድም፣ ስሙ ራሱ ሴራ ነው 😂 የጌሙ ደራሲ ሮቤርታ ዊሊያምስ ተጫዋቹን መግደል ትወዳለች። የዚህኛው ግን ልዩ ነው። ምንም ሳይገባህ እስከ መጨረሻው መድረስ ትችላለህ፣ ከዛ ያመለጠህን ይነግርህና ታፍራለህ። ሌላው ትዝ የሚለኝ መጻፉ ነው። ሁሉን ነገር በኪቦርድ በእንግሊዝኛ ነው የምታዘው፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር የምጫወተው። አንድ ፊደል ከሳትኩ አይገባውም፣ እኔ ደግሞ ስፔሊንግ ላይ ዜሮ ነበርኩ።

አጮላቂው፦
@የድሮ_ዲስኬት ማፈሩ እኮ ነው ደስ የሚለው፣ ሁለተኛ ስትጀምረው ሌላ ጌም ይሆንብሃል።

ማታ_ማታ፦
ሠራ! ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ደረስኩና ሰዓቱ ዘለለ። ከዛ አስከሬን አገኘሁ፣ ወጣ ብዬ ስመለስ ግን የለም፣ ቤተሰቡም ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል። እና... ሻወሩን ገባሁ። ሴቭ አላደረግኩም ነበር።