የኮምቦልቻውን የመጋዘን ካሜራ ከደሴ ሆኖ ለማየት ፖርት ፎርዋርዲንግ ነው ወይስ ፖርት ትሪገሪንግ?

ጠያቂ፣ ደሴ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን አለኝ፤ ቤቴ ደሴ በመሆኑ በየማታው ሐረጎን መውረድ ስለማልችል 4 ካሜራና አንድ መቅጃ አስገጥሜያለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ሆኜ በዋይፋዩ ስከፍተው ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ደሴ ገብቼ በሞባይል ዳታ ስሞክረው ግን አይገናኝም። ራውተሩ ላይ ፖርት ትሪገሪንግ የሚለውን መርጬ በሁለቱም ሳጥን 8000 ሞልቻለሁ። የመቅጃው አድራሻ 192.168.1.64 ነው። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?

መላሽ፣ ደሴ ፒያሳ፦
ስህተቱ ከምርጫው እንጂ ከቁጥሩ አይደለም። ፖርት ማለት መረጃ የሚያልፍበት ባለቁጥር በር ነው፤ ፖርት ትሪገሪንግ በሩን የሚከፍተው ከውስጥ ያለ መሣሪያ አስቀድሞ በተወሰነ ፖርት ወደ ውጭ ሲልክ ብቻ ነው፤ ራውተሩ የላከውን መሣሪያ ያስታውስና ከውጭ የሚመጣውን ለእሱ ያደርሳል፣ ግንኙነቱ ጸጥ ብሎ ከቆየም መልሶ ይዘጋዋል። ለአንዳንድ ጌሞች ይበጃል። የእርስዎ መቅጃ ግን ቁጭ ብሎ ጠሪ የሚጠብቅ በመሆኑ በሩን የሚያስከፍትለት የለም። ትሪገሪንጉን ሰርዘው፣ በፖርት ፎርዋርዲንግ ገጽ ላይ ከውጭ በቲሲፒ (የመረጃ ማስተላለፊያ ደንብ) ፖርት 8000 የሚመጣው ወደ 192.168.1.64 እንዲያልፍ ያድርጉ።

አድራሻውንም በዲኤችሲፒ ገጽ (ራውተሩ ለመሣሪያዎች አድራሻ በሚያድልበት) በመቅጃው ማክ አድራሻ (በማይቀያየር የመሣሪያው መለያ) ያስይዙት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ አድራሻ እንደ አዲስ ሊያድል ስለሚችል፣ ዛሬ 64 የነበረው ነገ 67 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሌላ መላሽ፣ ኮምቦልቻ፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም አስቀድመው በራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ የዋን አይፒውን (ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው የተሰጠውን አድራሻ) ይመልከቱ። በ10 የሚጀምር ከሆነ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሎታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እርስዎ በራውተርዎ የከፈቱት በር ከአቅራቢው በር ጀርባ ይቀራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ምሽት ሙሉ ቅንብር ስቀያይር አድሬያለሁ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በሩን ከመክፈትዎ በፊት ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በርካታ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የተቆጣጠረው በዚያው ባልተቀየረ የይለፍ ቃል ገብቶ ነበር።

ጠያቂ፣ ደሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ወርጄ አየሁት፤ በ100.72 የሚጀምር ነው። ለአቅራቢው የራሴ የሆነ ፐብሊክ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት) አድራሻ እንዲሰጠኝ አመልክቻለሁ። እስከዚያው ምን ባደርግ ይሻላል?

መላሽ፣ ደሴ ፒያሳ፦
አብሽር ወንድሜ። መቅጃው የአምራቹ የክላውድ አገልግሎት (በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚያገናኝ) ካለው ያብሩት፤ ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጀምረው ራሱ መቅጃው ስለሆነ ፎርዋርዲንግ አያስፈልገውም።

ጠያቂ፣ ደሴ፦
ሠራ። አሁን ከሳሎኔ ሆኜ የመጋዘኑን በርና የጥበቃውን ባትሪ ብርሃን እያየሁ ነው። ፎርዋርዲንጉን አድራሻው እስኪሰጠኝ ዘግቼዋለሁ፤ የይለፍ ቃሉንም ቀይሬያለሁ።