የቮልስ ሞተር፦ የዘይት ፓምፕና የግፊት ቫልቭ ፒስተን ተጣብቀው አልወጣ አሉ

ቮልስ_አዳማ፦
ሰላም ለቤቱ። የ1972 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ፣ 1300 ሞተር ሙሉ በሙሉ ሊታደስ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አዳማ። ለዓመታት ሳይነሳ ስለቆመ ዘይቱ ሬንጅ ሆኗል። ፑሊው ወጥቷል፣ የፓምፑ ክዳንና ሁለቱ ጥርሶችም ወጥተዋል። የፓምፑ ቤት ግን ንቅንቅ አይልም። ከታች ካሉት የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቮች በፑሊ በኩል ያለው ሞላው ወጣ፣ ፒስተኑ ቀረ። በካቻቢቴ ይፈልቀቅ ወይስ ሌላ መላ አለ?

የብረት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጠው። የፓምፑ ቤት የተቀመጠው ሁለቱ ግማሽ ብሎኮች ሲገጥሙ በሚፈጥሩት ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ የያዘው የብሎኮቹ መጨበጥ እንጂ ዝገት ብቻ አይደለም። ከጎን ሲፈለቀቅ ለስላሳው ማግኒዚየም ይጎረዳል፤ ጋስኬቱ የሚያርፍበት ፊት አንዴ ከተጫረ ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም፣ ፓምፑም አየር ይስባል።

አንተ ብሎኩን መክፈትህ ስለማይቀር ፓምፑን አስቀድመህ ለማውጣት አትታገል። የብሎኩን ዳዶዎች በሙሉ ፍታ፦ ትልልቆቹ ባለ 12 ሚሊ 6 ናቸው፣ ዙሪያውን ያሉት ባለ 8 ሚሊ። አንዱ ተረስቶ ብሎኩ እንቢ ሲል ነው ብዙ ሰው መሃሉ ላይ ካቻቢቴ የሚከተው። በግማሾቹ መካከል ጋስኬት የለም፣ ማሸጊያ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የገባ ጭረት በምንም አይሞላም። በእንጨት ወይም በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርገው። ሲላቀቅ ፓምፑ በእጅ ይወጣል።

ለፒስተኑ ደግሞ ሞተሩን ገልብጠው፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅለህ ሙላውና አሳድረው። አሴቶንም እንደ ቤንዚን ቶሎ ይተንናል፣ እሳትም ይጠራል። በማግስቱ ማግኔት ሞክር። እንቢ ካለ ፒስተኑ ከታች ክፍት ስለሆነ ባለ 10 ሚሊ የብሎን ጥርስ ማውጫ (ማስኪዮ) በእጅ ትንሽ አስነክሰህ ቀጥ አድርገህ ሳብ። አታጥብቀው፤ ገና ነክሶ ሲይዝ ይበቃል። እንደዚያ የወጣ ፒስተን ግን ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ግዛ።

ጋራዥ_ፍራንኮ፦
በጋዝ እሳት ብታሞቀው ይቀላል። ማግኒዚየሙ ከብረቱ ይልቅ ስለሚሰፋ ይለቀዋል።

ዘይት ጠባቂ፦
መስፋቱ እውነት ነው፤ ግልጥ እሳት ግን አልመክርም። ብሎኩ ራሱ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ አሴቶን የነካው ቀዳዳ ግን ይቀጣጠላል፤ ብሎኩም በአንድ ቦታ ሲሞቅ ይጣመማል። መጀመሪያ ፈሳሹን አድርቀህ የሙቅ አየር ማሽን ተጠቀም። ብሎኩን ለማጠብ የአሉሚኒየም የዘይት መተላለፊያ ድፍኖችን ስትበሳም ብናኙን በየጊዜው ጥረግ፤ የማግኒዚየም ብናኝ ከተያያዘ ውሃ አይፈስበትም፣ ደረቅ አሸዋ ነው። ድፍኖቹን ሳታወጣ ብሎኩን ብታጥብ ውስጥ የተጋገረው ቆሻሻ በኋላ ተላቅቆ ኩሽኔታ ይበላል።

ቮልስ_አዳማ፦
ፒስተኑ በማስኪዮ ወጣ። ጎኑ ላይ ቡናማ ጭረት አለው። ይወለወል?

የብረት ልጅ፦
አይወለወል፣ ይቀየር። ከሶማሌ ተራ ስታስመጣ ሞላውንም ለካ፦ በፑሊ በኩል ያለው ሳይጫን 62–64 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በፍላይዊል በኩል ያለው ቫልቭ ሞላ ርዝመቱ ሌላ ስለሆነ እንዳታቀያይራቸው። የፒስተኑን ቀዳዳ በጨርቅና በነጭ ጋዝ ብቻ አጽዳ። አዲሱ ፒስተን ደረቁን በራሱ ክብደት መንሸራተት አለበት። ላይ ተጣብቆ ቢቀር ወፍራም ቀዝቃዛ ዘይት የዘይት ማቀዝቀዣውን ያፈነዳዋል፤ ታች ቢቀር ዘይቱ ወደ ታች እየተመለሰ በአዳማ ሙቀት ቀይ መብራቱ አይጠፋም።

ዘይት ጠባቂ፦
ስትገጥም የፓምፑን ዳዶዎች ከማጥበቅህ በፊት ክራንክሻፍቱን ሁለት ዙር አዙረው፤ ፓምፑ ከካምሻፍቱ ጋር ራሱ ይስተካከላል። የባለ 8 ሚሊዎቹ ጥብቀት 20 ኒውተን ሜትር ነው። በጥርሶቹና በክዳኑ መሃል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ጥርሶቹን በቫዝሊን ሙላቸው፣ ደረቅ ፓምፕ ዘይት አይስብም። 2.5 ሊትር ጨምረህ፣ ካንዴላዎቹን አውጥተህ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙረው። ከዚያ በኋላ ነው ካንዴላ የሚገባው።